ወባ ያልነው ሕመም

ስሜ ግርማ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ኮምባይነር ነድቻለሁ። ሰው ለማስተማር ተሾሜ አይደለም የምጽፈው፤ ራሴን አስተምሬ ገና አልጨረስኩም። ነገር ግን እንደ እኔ ስንዴ ተከትሎ ቆላ የሚወርድ፣ ወገቡን የሚያመው፣ ኪሱ ውስጥም በላስቲክ የጠቀለላት ነገር ያለችው ሰው ይህን ሲያነብ እጁን ወደ ኪሱ እንደሚሰድ አውቃለሁ። አንዳንዶቹን በስም አውቃቸዋለሁ። ለእነሱና ለሚያስታምሟቸው ሚስቶቻቸው ብዬ ነው።

የእኛ ሥራ ከታች ወደ ላይ ነው። ስንዴ ቀድሞ የሚደርሰው ቆላው ላይ ስለሆነ ክረምቱ እንደወጣ ማሽኑን ይዘን ዴራና ሲሬ እንወርዳለን፤ እዚያ ሲያልቅ አዝመራውን እየተከተልን ወደ ደጋው እንወጣለን። ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ እንጠብቃለን። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ግን ጀንበር እስክትጠልቅ ከመቀመጫ መውረድ የለም። ገበሬው ዝናብ መጣብኝ እያለ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ ወገቤን አመመኝና ትንሽ ልረፍ ብትለው አይሰማህም፤ አይፈረድበትምም።

አንድ ዓመት ከማሽኑ መሰላል ላይ ተንሸራትቼ በወገቤ ወደቅኩ። አጥንቴ አልተሰበረም። ተሰብሮ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ጀሶ አስረው ቤቴ ያስተኙኝ ነበር። ስላልተሰበረ በማግስቱ ተመልሼ መሪ ያዝኩ። ገመዳ የሚባል ማሽኑን እየተቀያየርን የምንነዳ ባልደረባ አለኝ፤ የዴራ ሰው ነው፤ ከእኔ በዕድሜ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ክፋት የሚባል ያልፈጠረበት። ጥርሴን ነክሼ ስወርድ አየኝና ከኪሱ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ የሆነ እንክብል አወጣ።

«ያ ግርማ፣ እቺን ዋጣት። ወገብ እንዳለህ ትረሳለህ» አለኝ።

እውነቱን ነበር፤ ረሳሁ። ወገቤን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ድካሙንም፣ ሙቀቱንም፣ ጠዋት ከባለቤቴ ከጸዳለ ጋር በስልክ የተጨቃጨቅነውንም ረሳሁ። ልቤ ሞቅ አለ፤ ገበሬው፣ ገመዳ፣ ስንዴው ሳይቀር ደስ አሉኝ። ይህን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ። ደስታውን ደብቀው ጉዳቱን ብቻ ለሚያወሩ ሰዎች ሱሰኛ ጆሮ የለውም፤ ውሸታቸውን እንደሆነ ያውቃላ።

መድኃኒቱ ትራማዶል ይባላል። ሐኪም ለከባድ ሕመም የሚያዘው ማስታገሻ ነው። ዘሩ ከነሞርፊን ወገን እንደሆነ፣ ሰውነትም ቶሎ እንደሚለምደው የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ስሙ «ማስታገሻ» ብቻ ነበር። ማስታገሻን ደግሞ ማን ይፈራል? የሚቅም ሰው ጉንጩ ይታያል፣ የሚጠጣ ይሸታል። ማስታገሻ የዋጠ ሰው ግን ወገቡን ያመመው ጨዋ ሰው ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔም ነገር በእግሩ ሄደ። መጀመሪያ ሲያመኝ ብቻ ነበር። ቀጥሎ እንዳያመኝ ሆነ። ከዚያ ጠዋት ሻይ ሳልቀምስ፣ ቀትር ላይ፣ ማሽን ስናቆም። አንዷ የምትሠራውን ለመሥራት ሦስት፣ ከዚያም አምስት አስፈለገኝ። ከየት ታገኘዋለህ ለሚለኝ፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ አይጠፋም፤ ከዚህ በላይ መንገድ አላሳይም።

አሁን ወደ ወባው ልምጣ።

በመጀመሪያው ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ቤት ላሳልፍ አሰላ ወጣሁ። እንክብሎቹን ዴራ ያወለቅኩት የሥራ ሱሪ ኪስ ውስጥ ረስቻቸዋለሁ፤ ደግሞም ምን ቸገረኝ፣ ለዕረፍት ነው የመጣሁት። በማግስቱ ከሰዓት አፌ ማዛጋት አላቆም አለ። አፍንጫዬ እንደ ምንጭ ይወርዳል። ላብ አጠበኝ፤ ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ አለኝና ፀጉሬ ሁሉ ቆመ። ሆዴ ተገለበጠ። እግሮቼ አልጋው ላይ አልቀመጥ አሉ፤ አጥንቴን ውስጥ ለውስጥ የሚበላኝ ነገር አለ። ጸዳለ ግንባሬን ዳሰሰችና፣ ቆላ ወርደህ ወባህን ይዘህ መጣህ አለች።

ይህ በእኛ አገር ያለቀለት ጉዳይ ነው። ደገኛ ቆላ ወርዶ ተመልሶ ከተንቀጠቀጠ ወባ ነው። ክሊኒክ የሚኬደው መድኃኒቱን ለመቀበል ነው እንጂ ለመጠየቅ አይደለም። አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ። አግዳሚው ላይ በጋቢ ተጠቅልዬ ስንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ አዘነልኝ፤ ተራቸውን የለቀቁልኝም ነበሩ። ደሜ ታየና ወባ አልተገኘም፤ ግን አንዳንዴ ይደበቃል፣ ታይፎይድም ሳይነካካህ አይቀርም ተባልኩ። ለሁለቱም መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ለቁርጥማቱ ደግሞ መርፌ ተወጋሁ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ላቡ ደረቀ፣ እግሮቼ ሰከኑ፣ ጋቢዬን አጣጥፌ በእግሬ ወጣሁ። ጸዳለ ደስ ብሏት የወባው መድኃኒት ምን ያህል ፍቱን እንደሆነ ለጎረቤት ስትናገር፣ መድኃኒቱ ገና ሳይነካ በላስቲክ እንደታሰረ እጇ ላይ ነበር። ሁለታችንም አላስተዋልነውም።

በሚቀጥለው ጊዜ ጠረጠርኩ። በሦስተኛው አወቅኩ፤ ያዳነኝ መርፌው ነበር፣ ያው ትራማዶል። የሚያሳፍረኝ ካወቅኩ በኋላ ያደረግኩት ነው። ወባን ተሸሸግኩበት። ይዤ የመጣሁት ባለቀብኝ ቁጥር «ወባዬ ተነሣብኝ» እላለሁ፤ ዛሬ አንዱ ክሊኒክ ከሄድኩ በሚቀጥለው ሌላው ጋ እሄዳለሁ፤ ገና ሳይመረምሩኝ የትኛው መርፌ እንደሚስማማኝ እነግራቸዋለሁ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ትንኝ አያሳድርም፤ ጸዳለ ግን አልጋችን ላይ አጎበር ሰቀለች። ጎረቤት ሳቀባት። ፌጦ በሎሚ አሸችልኝ። ለሚካኤል ተሳለች። እናቷ ከሁሩታ በስልክ ይጸልዩልኝ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እንዳይቀል ስንቁን የምትሞላልኝ ሚስት ነበረችኝ።

በዚህ መሀል የነበረውን ኑሮ ማውራት አልወድም፣ ግን ይነገር። ከሳሁ። ሆዴ ድርቀት ያዘው። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ እንደ እብድ እጮሃለሁ። ከሚስቴ ጋር በአንድ አልጋ እንደ ወንድምና እህት ሆንን፤ እሷም ወባው ነው ያደከመው ብላ ተወችኝ። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ሲሬ ላይ ነው የፈነዳው። ከኮምባይነር ኋላ ቃርሚያ የሚለቅሙ ሴቶች ይከተሉናል፤ ማሽኑ የጣለውን ዛላ እየሰበሰቡ በማዳበሪያ ይሞላሉ። እናውቃቸዋለን፣ ያውቁናል፤ ስንታጠፍ ጡሩምባ እንነፋላቸዋለን። የዚያን ቀን እንቅልፍ አጥቼ ስላደርኩ ከልኬ በላይ ውጫለሁ። ማሳው ጫፍ ደርሼ ልታጠፍ መሪውን ስይዝ ዓይኔ ላይ ብልጭ ያለ ነገር አየሁ። ከዚያ ወዲህ የማስታውሰው የክብሪት ሽታ ብቻ ነው።

የተረፈውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። መንፈራገጥ ስጀምር ማሽኑ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ሄደ። ማሳው ዳር አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴትዮ ጀርባቸውን ሰጥተው ማዳበሪያቸውን ያስራሉ። የማሽን ድምፅ ቀኑን ሙሉ ስለሚሰሙት ዞር አላሉም። ገመዳ ስንዴ ከሚጭነው መኪና አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሮጦ፣ መሰላሉ ላይ ተንጠላጥሎ ሞተሩን አጠፋው። የማጨጃው አፍ የቆመው ከአዴ ጫልቱ አራት እርምጃ ሲቀረው ነው። እኔን አውርደው ሲያስተኙኝ፣ የሚጥል በሽታ ነው ብለው ክብሪት እየጫሩ ያሸተቱኝ እሳቸው ነበሩ። ስነቃ ጭንቅላቴ ጉልበታቸው ላይ ነው፤ በኦሮምኛ አይዞህ ልጄ ይሉኛል። ልገድላቸው የነበርኩት ሴት።

የማሽኑ ባለቤት ሐጂ ከድር ወዲያው ቁልፉን ተቀበሉኝ። አልተቆጡም፤ ታክመህ ና፣ ሥራህ የትም አይሄድም አሉኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ከዚህ በኋላ ወይ እውነቱን ተናግሬ እድናለሁ፣ ወይም ዝም ብዬ አንድ ቀን ሰው አጭዳለሁ። ይህን በግልጽ አውቄም ቢሆን ዝም አልኩ። አዳማ ድረስ ሄጄ ጭንቅላቴን ራጅ ተነሣሁ፤ ምንም አልተገኘም። አንድ ሐኪም፣ የምትወስደው ሌላ መድኃኒት አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጸዳለ፣ «ወባ ብቻ ነው ያስቸገረው» ብላ አገዘችኝ።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ተሰጠኝ። እሱን እየዋጥኩ፣ ያንንም እየዋጥኩ፣ ወር ሳይሞላ ቤቴ ደጃፍ ላይ ደግሜ ወደቅኩ። ያኔ የከተማው ሆስፒታል ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል መራኝ፤ የሚጥል በሽታንም የሚያዩት እነሱ ናቸው። በሩ ላይ የተጻፈውን ሳይ ወደ ኋላ ቀረሁ። አግዳሚው ኮሪደሩ ላይ ስለሆነ የሚያልፍ ሁሉ ያይሃል። ጸዳለ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች፤ እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ደጋግሜ አነበብኩ። አጠገባችን አንድ አባት ትልቅ ልጃቸውን እጁን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ሳይጠይቁን ሰጡን። ከጠዋት እስከ ቀትር ጠበቅን።

ያየችኝ ሲስተር ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ጎልማሳ፣ ንግግሯ ቀስ ያለ ሴት ናት። የጻፉልኝን ሁሉ አነበበች። ጸዳለን አሮጌውን ካርዴን እንድታስወጣ ካርድ ክፍል ላከቻት። በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ወባው የሚያምህ ቆላ እያለህ ነው ወይስ ቤትህ ስትገባ?»

«ቤቴ ስገባ።»

«በስንተኛው ቀን?»

«በማግስቱ። ቢቆይ በሁለተኛው።»

እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቤትህ ስትገባ የሚያልቅብህ ነገር ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ስንት እንደምውጥም ነገርኳት። አልደነገጠችም፤ ያስለቀሰኝም አለመደንገጧ ነው። የጣለኝ የመድኃኒቱ መብዛት ሊሆን እንደሚችል አስረዳችኝ፤ በድንገት ማቆሙም አደጋ ስላለው በሐኪም ክትትል እየቀነስን እንደምንሄድ፣ ወራት እንደሚፈጅ ነገረችኝ። «ለባለቤትህ እኔ አልነግርልህም፤ አንተ ትነግራታለህ። መድኃኒቱን የምትይዝልህ ግን እሷ ናት» አለችኝ።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ የውኃ ቧንቧው አጠገብ ነገርኳት።

«ወባ የለብህም?» አለችኝ ጸዳለ።

«የለብኝም።»

«አንድ ቀንም አልነበረብህም?»

«አልነበረብኝም።»

«እኔ እኮ በሽታህን አይደለም ያስታመምኩት፤ ውሸትህን ነው» አለች።

ባጃጅ አልያዘችም፤ እስከ ቤት በእግሯ ሄደች፣ እኔ ከኋላዋ። እንደደረሰች አጎበሩን አወረደችና አጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ትታኝ ወደ እናቷ ትሄዳለች ብዬ ልብሷን ስታነሣ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር። አልሄደችም። አላናገረችኝምም። እንክብሎቹን በቁልፍ ሳጥን አስቀምጣ ሲስተር በጻፈችው መሠረት በሰዓቱ መዳፌ ላይ ታስቀምጣለች፤ ስውጥ ታያለች፤ ትሄዳለች።

የመቀነሱን ወራት አላሳምርላችሁም። በቀነስን ቁጥር ያ «ወባ» በትንሹ ይመለሳል። ሌሊት እግሮቼ እንደ ሌላ ሰው እግር ይራገጣሉ፤ ካልጠፋ ነገር ሞት ይታየኛል። ቀን ዜና እየሰማሁ አለቅሳለሁ። ጸዳለ አትናገረኝም እንጂ ማታ ማታ እግሬን የምዘፈዝፍበት ሙቅ ውኃ በሳፋ አልጋው ሥር አታጣም። ስለዚያ ውኃ አንድም ቀን አላወራንም።

ሁለት ወር ተኩል ላይ ተሳሳትኩ። የድሮ ካቦርቴን ስዳብስ ገበሩ ውስጥ ገብታ የቀረች አንዲት እንክብል አገኘሁ። ዋጥኳት። ከሰዓት በኋላ ለጸዳለ ራሴ ነገርኳት፤ ይህ ከዚያ በፊት አድርጌው የማላውቅ ነገር ነው። ምንም ሳትለኝ ጎረቤት እያየ የቤቱን ልብስ ሁሉ ግቢ አውጥታ ገበር ገበሩን ተረተረችው። ሲስተር ደግሞ የወደቀ ይነሣል እንጂ እንደ አዲስ አይወለድም፣ ካቆምክበት ቀጥል አለችኝ።

ገመዳ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። አይደለም አልኩት፤ የመጀመሪያዋን ሰጠኸኝ እንጂ የቀረውን እኔ ነኝ የዋጥኩት። እሱም ይውጣል፤ ከእኔም ሳይብስ አይቀርም። ሲስተር ጋ አብረን እንሂድ ስለው አዝመራው ይለፍ አለኝ። አዝመራው አለፈ፣ ሌላም መጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ እጨቀጭቀዋለሁ። ነፍሴን ያተረፈ ሰው የራሱን ሲጥል እያየሁ ነው፤ ይህን ሲያነብ እንዳይቀየመኝ።

እንደ እኔ ላለ ሰው ሁለት ነገር ልበል። ዛሬውኑ እጥላለሁ ብለህ ብቻህን በድንገት አታቁም፤ አደገኛ ነው፣ ሐኪም ጋ ሂድ። ሲጠይቁህ ደግሞ የምትውጠውን ሁሉ ተናገር፤ እኔ «የለም» ባልኩባት አንዲት ቃል የማያስፈልገኝን መድኃኒት ስውጥ ከረምኩ።

ከአንድ ዓመት በላይ ምንም ሳልውጥና ሳልወድቅ ቆየሁ። ሲስተር ከፈቀደች በኋላ ሐጂ ከድር መልሰው ወሰዱኝ፤ ለጊዜው መሪ ሳልይዝ ከታች ሆኜ ማሽኑን እንድጠብቅና እንድጠግን ነው። ጸዳለ ትንሽ ትንሽ ማውራት፣ አንዳንዴም መሳቅ ጀምራለች። ስሄድ መንገድ ድረስ ሸኘችኝ።

ዴራ ሦስት ሳምንት ሠርቼ ተመለስኩ። ቤት በገባሁ በማግስቱ ከሰዓት ብርድ ብርድ አለኝ። ቀጥሎ ላብ፣ ቀጥሎ ጥርስ እስኪፋጭ መንቀጥቀጥ።

ጸዳለ ከማድቤቱ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ከሕመሙ ሁሉ በላይ ፈራሁት።

«መቼ አለቀብህ?» አለችኝ።

አልዋጥኩም አልኳት። በሚካኤል አልኳት። በሱ አትማል አለችኝ። ሻንጣዬን ዘረገፈች፣ ኪሴን ገለበጠች፣ የጫማዬን ገበር ሳይቀር ነቀለች። ምንም አላገኘችም። አለማግኘቷ ግን አልጠቀመኝም፤ አልቆበታል ነው ያለችው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆንም እንዲሁ ነበር የምለው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። እሷ አግዳሚው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ደም ሰጥቼ ውጤት ስጠብቅ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ አቃሰትኩ። አንድ ወጣት ጤና ባለሙያ ሰምቶ መጣ፤ አዘነልኝ። ውጤቱ እስኪመጣ ማስታገሻ ልውጋህ ብሎ መርፌ አዘጋጀ። አላማረኝም ብል ውሸት ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ገልጬለታለሁ። ምንነቱን ስጠይቀው ትራማዶል ነው አለኝ።

አግዳሚው ላይ የሰፈራችን ሰው ሞልቷል፤ የጸዳለ የዕድር ጓደኛ ሳትቀር ነበረች።

«እኔ የዚህ መድኃኒት ሱሰኛ ነኝ። አትውጋኝ» አልኩት።

አጠገቤ የነበረችው ሴት ልብሷን ሰብስባ ትንሽ ፈቀቅ አለች። ልጁ ተደናግጦ መርፌውን መለሰና ፓራሲታሞል በውኃ አመጣልኝ። ጸዳለ መሬት መሬት ታያለች። ቀና አላለችም። እኔም እጅጌዬን አውርጄ ተጠቅልዬ ተንቀጠቀጥኩ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የላብራቶሪው ሰው ወረቀት ይዞ ወጣ።

«ግርማ ማነው? ወባ ነው» አለ።

ጸዳለ ከእኔ ቀድማ ተነሣችና ወረቀቱን ተቀበለችው። እርግጠኛ ነህ ወይ አለችው። በደንብ ይታያል፣ ደሙ ውስጥ አለ አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ሰውየው ያልሰማችው መስሎት፣ «ወባ ነው እኮ ያልኩሽ፣ እህቴ» አላት።

«ሰምቻለሁ» አለች። መጥታ አጠገቤ፣ ሴትዮዋ ፈቀቅ ያለችበት ቦታ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቱን እንደያዘች አለቀሰች።